ዳማውን ትተው ደከሙ ወይስ ደክመው ተዉት?

ከአባቴ ቤት ፊት ለፊት፣ የሱቁ ግድግዳ ጥላ በሚጥልበት ጥግ፣ አንድ የዳማ ሰሌዳ አለ። ሰሌዳ ስል ካርቶን ነው። መጫወቻውም ቆርኪ ነው። የአንዱ ወደ ላይ ተገልብጦ፣ የሌላው ወደ ታች ተደፍቶ ይደረደራል። ጡረተኞቹ ከምሳ በኋላ ይሰበሰባሉ። ሁለቱ ይጫወታሉ፤ ስድስቱ ቆመው ያዛሉ። ከመካከላቸው በቀላሉ የማይሸነፉ አንድ ሰው ነበሩ። ስማቸውን ልተወውና እንደ ሰፈሩ ልጆች ጋሼ ልበላቸው። ሁለት ቆርኪ አውቀው ያስበሉና በአንድ ዝላይ ሦስት ይበላሉ። ሲያሸንፉ ደግሞ ምንም አይናገሩም። ተነስተው ሱሪያቸውን ማራገፍ ብቻ ነው። ለተሸናፊው ከስድብ ይብሳል።

አንድ ዓመት ላይ ጋሼ መምጣት አቆሙ። መጀመሪያ «ጉልበቴን አሞኛል» አሉ። ቀጥለው «የናንተ ጫጫታ ሰለቸኝ» አሉ። ሰፈሩም አመናቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የገዛ ቤታቸው በር ጠፋባቸው። ሐኪም ጋ ተወሰዱ፣ የመርሳት በሽታ ነው ተባለ። ያኔ ሰፈሩ በአንድ ድምፅ ፈረደ፦ «ዳማውን ባይተዉ ኖሮ ይሄ አይደርስባቸውም ነበር። የማይሠራ ጭንቅላት ይዝጋል!»

ፍርዱ እውነት ይመስላል። እኔም ለረጅም ጊዜ አምኜው ኖሬያለሁ። ኋላ ላይ ጥናቶቹን ማገላበጥ ስጀምር ግን ታሪኩ በሌላ በኩልም ሊነበብ እንደሚችል ገባኝ። ጋሼ የታመሙት ዳማ ስላቆሙ ነው? ወይስ ዳማ ያቆሙት መታመም ስለጀመሩ ነው? ይህችን ጥያቄ ለመመለስ ተመራማሪዎች ብዙ አሥርት ዓመታት ፈጅተዋል። እስካሁንም ሙሉ በሙሉ አልተስማሙም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ጃጀ» የምትባል ቃል

መጀመሪያ ስለ መርሳቱ ራሱ እናውራ። በቋንቋችን «ጃጀ» የምትል ቃል አለች። ጨካኝ ቃል ናት። ሽማግሌውን ሁሉ በአንድ ጆንያ ትከታለች። የልጅ ልጆቹን ስም የሚያምታታውም ጃጀ ይባላል፤ የቤቱን በር ያጣውም ጃጀ ይባላል። ሁለቱ ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ዕድሜ ሲገፋ የአንጎል ፍጥነት ይቀንሳል። ይሄ ለማንም አይቀርም። ስም አፍ ላይ ደርሶ እምቢ ይላል። መነጽር ግንባር ላይ ተቀምጦ ቤቱ ሁሉ ይታመሳል። የቃላት ሀብት ግን እስከ ሽምግልና ይዘልቃል፤ እንዲያውም ሊጨምር ይችላል። አስታራቂ ሽማግሌ ሲናገር ቃል የማያጥረው አንድም ለዚህ ነው። የመርሳት በሽታ ግን ሌላ ነው። አርባ ዓመት ዶሮ ወጥ የሠሩ እናት ከሽንኩርቱ ቀጥሎ ምን እንደሚገባ ሲጠፋቸው፣ ገንዘብ ቆጥረው መልስ መቀበል ሲያቅታቸው፣ ያ እርጅና ብቻ አይደለም። ሕመም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች ከዚህ ችግር ጋር ይኖሩ እንደነበር ይገምታል። ከመካከላቸው ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። የሀብታም አገር በሽታ ነው የሚባለው ወሬ እንግዲህ ውድቅ ነው።

ለመርሳት ችግር ከሚዳርጉት ሕመሞች በብዛት የሚታየው አልዛይመር ነው። አሚሎይድና ታው የሚባሉ ፕሮቲኖች አንጎል ውስጥ ያለ ቦታቸው ይከማቻሉ፣ የነርቭ ሴሎች ይሞታሉ። ልብ በሉ፦ ክምችቱ የሚጀምረው ቤተሰብ ምልክቱን ከማየቱ አሥር፣ አንዳንዴም ሃያ ዓመት ቀድሞ ነው። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ። እመለስባታለሁ።

ከብሮንክስ የመጣው ዜና

ብሮንክስ ከኒውዮርክ ከተማ ክፍሎች አንዱ ነው። እዚያ ያለው የአልበርት አንስታይን የሕክምና ኮሌጅ ተመራማሪዎች ከ75 ዓመት በላይ የሆናቸውን 469 ሰዎች ለዓመታት ተከታተሉ። ሲጀመር አንዳቸውም የመርሳት በሽታ አልነበረባቸውም። ጊዜያችሁን በምን ታሳልፋላችሁ ተብለው ተጠየቁ። ታነባላችሁ? ለራሳችሁ ትጽፋላችሁ? ካርታ ወይም የሰሌዳ ጨዋታ ትጫወታላችሁ? ትዋኛላችሁ? ትደንሳላችሁ? በሳምንት ስንት ቀን? ከዚያ ጊዜው ነጎደ። በክትትሉ ወቅት 124ቱ ታመሙ።

ጆ ቨርጊስና ባልደረቦቹ ውጤቱን በ2003 ሲያወጡ ዓለም ሁሉ አወራለት። የሚያነቡ፣ የሰሌዳ ጨዋታ የሚጫወቱ፣ የሙዚቃ መሣሪያ የሚነኩና የሚደንሱ ሰዎች ከሌሎቹ ያነሰ ታመዋል። በሳምንት ብዙ ቀን የሚያዘወትሩት ደግሞ የበለጠ ቀንሶላቸዋል።

እኔን የገረመኝ ጭፈራው ነው። አካል ስለሚያንቀሳቅሱ 11 ነገሮች ተጠይቀው ነበር። መዋኘት አለ፣ በእግር መሄድ አለ፣ ደረጃ መውጣት አለ፣ የቤት ሥራም አለ። ከሁሉም ከበሽታው መቀነስ ጋር አብሮ የተገኘው ጭፈራ ብቻ ነበር። ለምን? ሲታሰብ ያን ያህል ምስጢር አይደለም። የሚጨፍር ሰው ልቡ ይመታል፣ እግሩ ሚዛን ይጠብቃል፣ ጆሮው ምቱን ይከተላል፣ አንጎሉ ቀጣዩን እርምጃ ያስታውሳል፣ ዓይኑ አብሮት የሚጨፍረውን ያያል። አምስት ሥራ በአንድ ጊዜ ማለት ነው። ጥናቱ ስለ እስክስታ ያለው ነገር የለም። ሆኖም ሰርግ ላይ አንድ አዛውንት ከወጣት ጋር ፊት ለፊት ትከሻ ሲገጥሙ ያየ ሰው፣ አንጎል እዚያ ሥራ ፈቶ ይቀመጣል ብሎ አያስብም።

ነሐሴና በቆሎ

አሁን ወደ ማነቆው። በነሐሴ የተጠበሰ በቆሎ የሚበላ ሰው ይበዛል። በነሐሴ ጉንፋንም ይበዛል። በቆሎው ግን ጉንፋን አያመጣም። ሁለቱንም ያመጣቸው ክረምቱ ነው። የብሮንክሱ ዓይነት ጥናት ሰዎች የሚያደርጉትን ያያል፣ ይመዘግባል፤ እጁን ግን አያስገባም። ስለዚህ ሁለት ነገር አብሮ መገኘቱን እንጂ አንዱ ሌላውን ማምጣቱን ብቻውን አያረጋግጥም።

እስቲ ማን ነው በ80 ዓመቱ መጽሐፍ የሚያነብ? የተማረ ሰው። ዓይኑ የሚያይለት ሰው። የዕለት ጉርስ የማያሳስበው ሰው። ትምህርትም፣ ጤናም፣ ኑሮም እያንዳንዳቸው ለአንጎል ይጠቅማሉ። ተመራማሪዎች ይህን ያውቃሉና በሂሳብ ለመለየት ይሞክራሉ። ይህኛው ክረምት በከፊልም ቢሆን ይለያል።

የባሰው ሁለተኛው ነው፦ የጋሼ ጉዳይ። በሽታው ምልክት ሳያሳይ አሥር ዓመት ውስጥ ውስጡን የሚሄድ ከሆነ፣ ሰውየው በዚያ ጊዜ ምን ያደርጋል? የሚከብደውን ነገር ቀስ እያለ ይተዋል። ዳማው ላይ ሦስት እርምጃ ቀድሞ ማየት ያቅተዋል። መሸነፍ ይጀምራል። መሸነፉን ለማንም አይናገርም። «ጉልበቴን አሞኛል» ይላል። ተመራማሪ መጥቶ «ትጫወታለህ?» ሲለው «አልጫወትም» ይላል። ከሦስት ዓመት በኋላ ሲታመም መዝገቡ ላይ የሚጻፈው «የማይጫወት ሰው ታመመ» የሚል ነው።

የብሮንክሶቹ ተመራማሪዎችም ይህ አልጠፋቸውም። ሕመሙ የጀማመራቸውን የሚመስሉ ሰዎችን አውጥተው ሲያሰሉትም ግንኙነቱ አልጠፋም። ነገር ግን ተሳታፊዎቹ ሲጀመርም ከ75 በላይ ነበሩ፣ ክትትሉም በአማካይ አምስት ዓመት ገደማ ነው። አሥርና ሃያ ዓመት ለሚያደባ በሽታ አምስት ዓመት አጭር ነው።

ረጅሙን መንገድ የሄዱት እንግሊዞቹ ናቸው። ለንደን ውስጥ የመንግሥት ሠራተኞችን ከ1985 ጀምሮ የሚከታተል ኋይትሆል ሁለት የሚባል ጥናት አለ። በ2020 የወጣ አንድ ትንተና የ8,280 ሰዎችን የትርፍ ጊዜ ልማድ ከኋላ ሕመማቸው ጋር አመሳከረ። በአማካይ በ56 ዓመታቸው ብዙ የሚያደርጉና ጥቂት የሚያደርጉ ሰዎች በ18 ዓመት ውስጥ ያን ያህል ልዩነት አላሳዩም። በ66 ዓመታቸው ሲለኩ ግን ልዩነቱ ብቅ አለ፦ ብዙ የሚያደርጉት ያነሰ ታመሙ። ከዚያም ቁልፉ መጣ። በሁለቱ ጊዜያት መካከል ልማዳቸውን የቀነሱ ሰዎች ለበሽታው የበለጠ የተጋለጡ ሆነው ተገኙ።

ይህ የጋሼን ታሪክ በሌላ በኩል ያነበዋል። ቢያንስ ከፊሉ፣ ዳማውን መተው የበሽታው መንስኤ ሳይሆን የመጀመሪያው ምልክት ነው ማለት ነው። ሰፈሩ በጋሼ ላይ የፈረደው ፍርድ ይግባኝ ሊጠየቅበት ይገባል። ታማሚን «ጭንቅላትህን ባለማሠራትህ ነው» ማለት ሳንባ ነቀርሳ ያሳለውን ሰው «ስለምታስል ነው የታመምከው» እንደ ማለት ነው።

መነኮሳቱ

እና ሁሉም ከንቱ ነው? አይደለም። እዚህ ላይ የአሜሪካ ካቶሊክ መነኮሳት ታሪክ ይመጣል። ለእኔ በዚህ ዘርፍ ካነበብኩት ሁሉ የሚያስደምመው ይሄ ነው።

ዴቪድ ስኖውደን የተባለ ተመራማሪ በ1986 ጥናቱን ጀመረ። 75 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው 678 መነኮሳት ተሳተፉ። መነኮሳት ለጥናት ይመቻሉ። አንድ ዓይነት ምግብ ይበላሉ፣ አንድ ዓይነት ቤት ይኖራሉ፣ አያጨሱም፣ አይወልዱም። ያ ቅድም ያልነው ክረምት ለሁሉም አንድ ነው። በየዓመቱ ፈተና ይፈተናሉ። ሲያርፉም አንጎላቸው እንዲመረመር ፈቅደዋል።

ከዚህ ሌላ አንድ ያልታሰበ ሀብት ተገኘ። መነኮሳቱ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ፣ ወደ ገዳሙ ሲገቡ፣ የሕይወት ታሪካቸውን በእጃቸው ጽፈው ነበር። ተመራማሪዎቹ ጽሑፎቹን አውጥተው በየአሥሩ ቃል ውስጥ ስንት ሐሳብ እንደታጨቀ ቆጠሩ። በ1996 የወጣው ውጤት እንዳሳየው፣ በወጣትነታቸው ሐሳብ የጠገበ ጽሑፍ የጻፉት ከስድሳ ዓመት በኋላ በማስታወስ ፈተና ተሽለው ተገኙ። ጽሑፋቸው ሳሳ ያለው ደግሞ በአልዛይመር የመጠቃት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር።

ከመነኮሳቱ አንዷ ሲስተር ሜሪ ይባላሉ። በ101 ዓመታቸው አረፉ። እስከ መጨረሻው ድረስ ፈተናውን በጥሩ ውጤት ያልፉ ነበር። አንጎላቸው ሲከፈት ግን የአልዛይመር ምልክት የሆነው የፕሮቲን ክምችት ሞልቶት ተገኘ። በሽታው ነበረባቸው ማለት ነው፤ ሕመሙ ግን አልነበረባቸውም።

ይህ እንዴት ይሆናል? ሳይንቲስቶች አንጎል መጠባበቂያ አለው ይላሉ። ይህን ሐሳብ ካስፋፉት አንዱ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያሉት ያኮቭ ስተርን ናቸው። የአዲስ አበባ ታክሲ ሹፌር ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል። ዋናው አስፋልት ሲዘጋ አንዱ ሹፌር ተቀምጦ ጡሩምባ ይነፋል። ሌላው ውስጥ ለውስጥ ገብቶ፣ በቀበሌው ጓሮ አልፎ፣ በሌላ በኩል ብቅ ይላል። መንገዱ ለሁለቱም ተዘግቷል። ልዩነቱ አንደኛው ቅያሱን ማወቁ ነው። ትምህርት፣ ውስብስብ ሥራ፣ ማንበብ፣ ጨዋታ፣ ከሰው ጋር መዋል አንጎል ውስጥ ቅያስ ያበዛሉ። በሽታው አስፋልቱን ሲዘጋ ሐሳብ በጎን ያልፋል። ለዘላለም ግን አይደለም። ቅያሱም ይዘጋል። ሆኖም አምስት ዓመት ማዘግየት በ80 ዓመት ሰው ሕይወት ውስጥ ቀላል ነገር አይደለም።

ደግሞ አንድ መራራ ነገር አለ። ቅያሱ በብዛት የሚጠረገው በልጅነትና በጎልማሳነት ነው። የእናቶቻችን ትውልድ ውስጥ ትምህርት ቤት ያልገቡት ብዙ ናቸው። ይህን ጡረታ ላይ የሚገዛ መጽሐፍ ሙሉ በሙሉ አይክሰውም። በከፊል ይክሰው እንደሆነ ግን ማየት ይቻላል።

እጅ ያስገቡት ጥናቶች

ለማየት ዕጣ ማውጣት ያስፈልጋል። ልክ እንደ ዕቁብ። ሰዎችን ሰብስቦ፣ ማን ምን እንደሚያደርግ በዕጣ መመደብ። ያኔ የተማረውም ያልተማረውም፣ የደከመውም የበረታውም በየቡድኑ ይበተናል። በኋላ ልዩነት ከታየ ሥራው ያመጣው ነው ማለት ይቻላል።

ከእነዚህ ጥናቶች የምወደው የቴክሳሱ ነው። በዳላስ ዴኒዝ ፓርክና ባልደረቦቿ 221 ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎችን በዕጣ ከፋፈሉ። አንዱ ቡድን ዲጂታል ፎቶግራፍ ተማረ። ሌላው ከቁርጥራጭ ጨርቅ ብርድ ልብስ መስፋት ተማረ። ሦስተኛው ሁለቱንም። አንዱ ቡድን ደግሞ ተሰብስቦ ይጫወታል፣ ያወራል፣ ይዝናናል፤ አዲስ ነገር ግን አይማርም። ሌላው ቤቱ ቁጭ ብሎ ቀለል ያለ ነገር ይሠራል፣ ሙዚቃ ያዳምጣል። ይህ ሁሉ በሳምንት 15 ሰዓት ያህል፣ ለሦስት ወር።

በ2014 የወጣው ውጤት ግልጽ ነበር። አዲስና ከባድ ነገር የተማሩት፣ በተለይ ፎቶግራፈሮቹ፣ የማስታወስ ችሎታቸው ተሻሽሏል። ተሰብስበው የተዝናኑት ያን ያህል ለውጥ አላሳዩም። እኔ ይሄን ሳነብ ትንሽ ከፋኝ። ቡናና ወሬ ብቻውን ይበቃል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር።

ሰውነትን የሚነኩትም አሉ። በ2011 የወጣ አንድ ጥናት 120 ሰዎችን በሁለት ከፈለ። ግማሾቹ በሳምንት ሦስት ቀን 40 ደቂቃ በእግራቸው ፈጠን ብለው ሄዱ። ሌሎቹ ሰውነታቸውን አፍታቱ። ከአንድ ዓመት በኋላ ማስታወስን የሚያግዘው ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎል ክፍል በሄዱት ላይ በ2 በመቶ ገደማ አደገ። በሌሎቹ ላይ በ1.4 በመቶ ቀነሰ። ብሮንክስ ላይ ብዙም ያልታየው የእግር ጉዞ እዚህ ክብሩን አስመለሰ።

ፊንላንዶቹ ደግሞ አንድ ነገር ለብቻው ከምንሞክር ሁሉንም አንድ ላይ እንሞክር አሉ። ሚያ ኪቪፔልቶ የመሩት ፊንገር የሚባለው ጥናት ከ60 እስከ 77 ዓመት የሆናቸውን 1,260 ሰዎች ይዞ ሁለት ዓመት ቆየ። አመጋገብ፣ ስፖርት፣ የአእምሮ ልምምድ፣ የደም ግፊትና የስኳር ክትትል። ጠቅላላ የአእምሮ ፈተና ውጤታቸው መሻሻሉ ከሌላው ቡድን በ25 በመቶ በለጠ። አሜሪካኖችም ተመሳሳዩን 2,111 ሰዎች ላይ ሞክረው በ2025 ውጤቱን አሳወቁ። ራሳቸው በመሰላቸው መንገድ ኑሯቸውን ያስተካከሉትም ተሻሻሉ። በቡድን እየተሰበሰቡ፣ በፕሮግራም የተመሩት ግን የበለጠ ተሻሻሉ።

እነዚህ የፈተና ውጤትን እንጂ የመርሳት በሽታ መቅረቱን አላሳዩም። ይህን መደበቅ አይገባም። ሁለት ዓመት ለዚያ አይበቃም።

ስልክ ላይ ያሉት የ«አእምሮ ማጎልመሻ» ጨዋታዎችስ? ተጠንቀቁ። ሉሞሲቲ የሚባለውን መተግበሪያ የሠራው ድርጅት ያለ በቂ ማስረጃ ሰዎችን ከማስታወስ ችግር ይከላከላል ብሎ በማስተዋወቁ ተከሶ፣ በ2016 ለአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ ሁለት ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ቁጥር በመደርደር የሚሠለጥን ሰው በአብዛኛው የሚሻለው ቁጥር በመደርደር ነው። ከዚህ ወጣ ያለ አንድ ሥልጠና አለ፤ አክቲቭ በሚባለው ትልቅ ጥናት የተፈተነው የዓይንና የሐሳብ ፍጥነት ልምምድ። ከ10 ዓመት በኋላ የሠለጠኑት ካልሠለጠኑት በ29 በመቶ ያነሰ የመርሳት ችግር ገጥሟቸዋል። የዚያው ጥናት የማስታወስ ሥልጠና ግን ያን አላመጣም። ለምን እንዲህ ሆነ የሚለው እስካሁን ያከራክራል።

ታዲያ በእኛ ቤት?

ከዚህ ሁሉ የማወጣው የግል ፍርዴ ይህ ነው። ጥሩ ጨዋታ ትንሽ የሚያስቸግር ነው። እንደለመድነው የሚሄድ ነገር ያዝናናል እንጂ ብዙ አይገፋም። ሠላሳ ዓመት አንድ ዓይነት ካርታ በአንድ ዓይነት መንገድ የተጫወተ ሰው እጁ ነው የሚጫወተው።

በዚህ ሚዛን ቅኔን የሚስተካከል የለም። ቅኔ አይደገምም። ባለቅኔው በየጊዜው አዲስ ማምጣት አለበት። ልኩን መጠበቅ፣ ሰሙን ከወርቁ ማስማማት፣ በዚያ ላይ ጉድለት የሚለቅሙ ሊቃውንት ፊት ቆሞ ማቅረብ። ማንም ባለቅኔዎችን በዕጣ ከፍሎ አላጠናም፤ ስለዚህ ይከላከላል አልልም። የቴክሳሶቹ ፎቶግራፈሮች የሠሩት ግን የዚሁ ታናሽ ወንድም ነው። ገበጣም ቢሆን ጠጠሩ ዞሮ የት እንደሚያርፍ ቀድሞ መቁጠር ይጠይቃል። በገና መደርደር በ65 ዓመት ቢጀመር ጣት ያማል፣ አንጎል ግን አዲስ መንገድ ይጠርጋል። ማንበብ ያልታደሉ እናት ፊደል ቢቆጥሩ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የበለጠ አዲስ ነገር ምን አለ?

ቡናውንም አልጥለውም። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ ሊስተካከሉ የሚችሉ 14 ምክንያቶችን ዘርዝሮ በዓለም ላይ ካለው የመርሳት ችግር 45 በመቶ ገደማው ከእነሱ ጋር የተያያዘ ነው ብሏል። ከሰው መገለል አንዱ ነው። የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ ማጨስ፣ የጆሮ መድከምም አሉበት። ቡና አዲስ ነገር ላያስተምር ይችላል፤ ሰውን ግን ከሰው አይለይም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪጠጣ ድረስ ማንም ብቻውን አይቀመጥም።

ይህን የማነሳው በተለይ ውጭ አገር ላሉት ነው። ዋሽንግተን ዙሪያ፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ፣ ልጅ ሊያሳድጉ የመጡ እናቶች አሉ። ጠዋት ልጆቻቸው ሥራ ይሄዳሉ። የልጅ ልጅ አድጎ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ቀኑን ሙሉ አፓርታማ ውስጥ ናቸው። ቋንቋው የሌላ፣ መንገዱ የመኪና፣ ጎረቤቱ የተዘጋ በር። አገር ቤት ዕድር፣ ማኅበር፣ ገበያ፣ ለቅሶ ነበራቸው። እያንዳንዱ ስም ማስታወስን፣ ዕዳ መቁጠርን፣ ማን ከማን እንደተጣላ ማወቅን ይጠይቅ ነበር። ይሄ ሁሉ በአንድ ቴሌቪዥን ተተካ። ልጆቹ «ምን ጎደለባት? ሁሉ ተሟልቶላታል» ይላሉ። የጎደለው ይሄ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የሚያደርስ መኪና ከአዲስ ሶፋ ይሻላል።

ሲተዉ ዝም አንበል

የኋይትሆሉን ውጤት በቁም ነገር ከወሰድነው አንድ የሚሠራ ነገር ይሰጠናል። ለዓመታት የሚወደውን ነገር ድንገት የተወ ሽማግሌ ዜና ነው። «ሰለቸኝ» ሲሉ አምነን አንለፍ።

ሁልጊዜ አልዛይመር ነው ማለት አይደለም። የሚታከም ነገር ሊሆን ይችላል። ድብርት ሊሆን ይችላል። የእንቅርት ዕጢ ሥራ መዛባት ወይም የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም በደም ምርመራ ይታወቃሉ። የዓይን ሞራ ሊሆን ይችላል፤ ካርታው ካልታየ ማን ይጫወታል? ብዙ ጊዜ ደግሞ ጆሮ ነው። የማይሰማ ሰው ወሬ ያመልጠዋል፣ ሲጠይቅ ይሰለቹታል፣ ስለዚህ ቤቱ ይቀመጣል። ሐኪም ጋ ስትሄዱ «ይረሳል» ብቻ አትበሉ። «ዳማ ይጫወት ነበር፣ ካቆመ ስምንት ወሩ ነው» በሉ። ለሐኪሙ ይሄኛው የበለጠ ይነግረዋል።

ሕመሙ ከተረጋገጠ በኋላስ ጨዋታው አበቃ? አላበቃም። እንግሊዝ አገር በ2003 የወጣ ጥናት የመርሳት በሽታ ያለባቸውን 201 ሰዎች ይዞ፣ ከፊሎቹን በትንሽ በትንሽ ቡድን ለሰባት ሳምንት፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ አሰባሰበ። ያወራሉ፣ ይጫወታሉ፣ የድሮ ነገር ያነሳሉ፣ ዘፈን ያዳምጣሉ። ፈተና የለም፣ «ረሳህ» የሚል የለም። የማስታወስ ውጤታቸውም፣ የኑሮ ደስታቸውም ካልተሰበሰቡት ተሻለ። ዛሬ የእንግሊዝ የጤና መመሪያ ሕመሙ ቀለል ያለና መካከለኛ ደረጃ ላይ ላሉ ሰዎች ይህን ይመክራል።

ጋሼ አሁን ወደ ግድግዳው ጥላ ተመልሰዋል። ልጃቸው ይዛቸው ትመጣለች። ቆርኪዎቹን የሚደረድሩት እሳቸው ናቸው፤ በመደርደር አይሳሳቱም። ከዚያ ከአባቴ ጋር አንድ ዙር ይጫወታሉ። ስድስቱ ቆመው ማዘዛቸውን አልተዉም፣ ግን አሁን የሚያዙት ለጋሼ ብቻ ነው። አባቴ ማታ ቤት ገብቶ ጫማውን እያወለቀ ይማረራል። «ድሮ ለማሸነፍ ስለፋ እሸነፍ ነበር» ይላል። «አሁን ሳያውቁብኝ መሸነፍ ራሱ ሥራ ሆነብኝ።»